ሮብሌ መቀስ ያልቆረጠው

ባለፈው ሳምንት ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ባለችው ሱቄ ሽርጥ ሳጣጥፍ፣ ከጎኔ ሻይ የምትሸጠው ሀያት ስልኳን ይዛ መጣች። የጅማ ልጅ ናት፤ ሶማልኛው ገና አፏ ላይ አልተፈታም። ደንበኛ የላከላትን የሮብሌ መቀስን ግጥም ከፍታ፣ "መጨረሻውን ስሚልኝ እስኪ" አለችኝ። ግጥሙ አለቀ፤ የድሮው ካሴት ሽሽ አለ፤ ከዚያ አንዲት ልጅ በአማርኛ አንድ ነገር ተናግራ ድምፁ ተቋረጠ።

"ይቺ ደግሞ ማናት?"

ያጠፍኩትን ሽርጥ ዘረጋሁት። መልሼ አጠፍኩት።

ያኔ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ሐርጌሳ የመዶሻ ከተማ ነበረች። ጦርነቱ የበተነው ሰው እየተመለሰ ቆርቆሮ ይመታል። እኛም ከድሬዳዋ መጥተን መሐመድ ሞጌ የሚባል ሰፈር ገብተናል። የቤታችን ግድግዳ በጥይት የተበሳሳ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተበትና ትገባለች። ላሖሁን፣ የሶማሌውን ስስ እንጀራ፣ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር እየበላሁ፣ በባዶ እግሬ ከአንዱ ብርሃን ወደ ሌላው እዘል ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ ዛሬም አልችልበትም።

የሰፈሩ ሴቶች ትምህርት ቤት ጣሪያ ሲያልቅ፣ በምርቃቱ ቀን አንዲት ተማሪ ግጥም ታቀርባለች ተባለ። ያቺ ተማሪ እኔ መሆን ነበረብኝ። ሶማልኛዬ የድሬዳዋ ቅላፄ ስላለበት ልጆቹ "ሐበሻዋ" ይሉኛል፤ አንድ ጥሩ ግጥም ብል ስሜን የሚያስታውሱት ይመስለኝ ነበር። ግን ሰው ፊት የሚቀርብን ማንኛውንም ግጥም መጀመሪያ ሮብሌ መስማት አለበት።

ሮብሌ ከጦርነቱ በፊት ግጥሙ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ሰው ነበር። ከስደት ሲመለስ ግን የራሱን አቁሞ የሌላውን መቁረጥ ያዘ። መቀስ ያሉት ለዚህ ነው። በሠርግ ላይ የሚገጥም አንድ ሰውዬ፣ ሮብሌ ከሰማው በኋላ ግጥሙን ትቶ ጎማ መሸጥ ጀመረ። ስንቱን ያደረቀው ራሱ ስለደረቀ ነው ይባል ነበር፣ በሹክሹክታ።

እህቱ ግቢ፣ ግራር ሥር ምንጣፍ ላይ አገኘሁት። ከጎኑ የወተት ሻይ ፔርሙስና ቴፕ አለ። ከበስተኋላው የራሱ ቤት ፍርስራሽ ነበር፤ ሁልጊዜ ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚቀመጠው። ግጥሜን ጀመርኩ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ እጁን አነሳ።

"ግመሉን በጭራው ትጎትቺዋለሽ እንዴ?"

እውነቱን ነው። የሶማሌ ግጥም አንዱን ድምፅ በቃል መነሻ ላይ ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እኔ ደግሞ በአማርኛ እንደተማርኩት ቤቱን መድረሻው ላይ ስመታ ነው ያደርኩት። ቋንቋው ሶማልኛ፣ ቤቱ የድሬዳዋ። "ይህን ይዘሽ ሰው ፊት አትቆሚም" አለኝ። ቀጥሎ በአማርኛ፣ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ልጅነቱን እሱም ድሬዳዋ ነው ያሳለፈው።

አማርኛው ሆዱን ሳይከፍተው አልቀረም፤ ለምርቃቱ ቀን እሱም ግጥም እንዳለው ነገረኝ። ከስደት ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የቴፑን መቅጃ ተጭኖ ማዜም ጀመረ፤ ከሩቅ የሰው መዶሻ ይሰማል። ከተማዋ ላይ ወተት እንደፈሰሰ ያህል የሚያበራውን አዲስ ቆርቆሮ ሁሉ በየሰፈሩ ጠራው። ድምፁ ዓይን የሚያስከድን ነበር። ሲጨርስ እህቱ ከማድቤት "ማሻአላህ" አለች።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለኝ፣ ቴፑን ሳያጠፋ።

የራሴ ግጥም ገና ያንገበግበኝ ነበር። ቢሆንም ለብቀላ አልነበረም፤ ያየሁትን ነው በአማርኛ የተናገርኩት፤ አጎቴ ለማለት ብቻ የሶማሌውን "አደር" ጨመርኩ።

"ቆንጆ ነው አደር። የሰውን ሁሉ ጣሪያ ጠሩ። የእርስዎ ቤት የታለ?"

ቴፑን አጠፋ። ማድቤት ውስጥ የድስቱ ድምፅ ቆመ። እሱ ወደ ኋላ አልዞረም። ሻይ ቀዳልኝና "ጠጪ" አለኝ፤ ሄልና ቀርፋ የሚሸተውን ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ።

በምርቃቱ ቀን ሮብሌ ፊት ቴፖች ተደረደሩ። ተነስቶ ቆመ። "ግጥም ነበረኝ፤ ቆርጬዋለሁ" ብሎ ተቀመጠ። ጎማ ሻጩ እስኪያስለው ሳቀ። ደርቋል የሚለው ሹክሹክታ ያን ቀን አደባባይ ወጣ። እኔ ከልጆቹ መካከል ሆኜ መሬቱን አያለሁ።

ጉ የሚሉት የበልግ ዝናብ ሲገባ፣ አቧራው ተኝቶ ድንጋዩ ሲሸት፣ በዚያ አለፍኩ። ሮብሌ ፍርስራሹ ውስጥ ነበር። በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ተቀምጧል፤ ዝናቡ ይወርድበታል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እንዳያየኝ ቀስ ብዬ አለፍኩ።

ብዙም ሳይቆይ በየታክሲውና በየሻይ ቤቱ ያ ሀያት ስልክ ላይ ያለው ግጥም ተሰማ። በፈረሰ ቤት ውስጥ ክፍል በክፍል እየገባ፣ ማን የት ይተኛ እንደነበር የሚጠራ ግጥም። ሚስቱ ከየትኛው በር ሳትወጣ እንደቀረች ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ ያወቀው። ሮብሌ ዳግመኛ ገጣሚ ሆነ፤ መቀሱ ግን አልደነዘም።

የቀዳው በዚያው ካሴት፣ በጣሪያዎቹ ግጥም ላይ ነው። አዲሱ አጠር ስለሚል የአሮጌው ጭራ፣ ያቺ ጥያቄዬ፣ ተረፈ። ከዓመታት በኋላ፣ አላህ ይርሐመውና፣ ለምን እንዳላጠፋው ጠየቅሁት።

"ሌላ ካሴት አልነበረኝም" አለ። ሻዩን እፍ አለበት። "ደግሞም የሚቆረጥ ነገር አጣሁበት።"

እሱ ማንንም ከዚህ በላይ አሞግሶ አያውቅም።

እኔ ከዚያ ወዲያ አልገጠምኩም። ግጥሙ ግን በተከፈተ ቁጥር እዚያ አለሁ፣ ሁልጊዜ እንደሚቀናኝ ጭራው ላይ። ሰው የቴፑ ጉድለት እየመሰለው ስልኩን ያጠፋል፤ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ አልነበረም።

ሀያት መልስ እየጠበቀች ነው። "ማናት ታዲያ?"

"ሐበሻዋ ናት" አልኳት። "እስኪ ከመጀመሪያው ክፈቺው።"