ካልሲ በድሬዳዋ ሙቀት

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ መልስ ያጥረኛል። ሆስፒታል ውስጥ ተቀምጬ ሐኪሞች ካርድ ላይ የጻፉትን በሽታ ወደ ኮድ እቀይራለሁ። ወባም፣ ስብራትም፣ ካንሰርም የየራሳቸው ፊደልና ቁጥር አላቸው። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ አንድ ኮድ ብቻ ዓይኑን ማየት አልፈልግም። መነሻው ላልታወቀ ካንሰር የሚሰጠው ኮድ ነው። እሱን ከመጻፌ በፊት ካርዱን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ እሄዳለሁ፤ መነሻው ተፈልጎ ነው የታጣው ወይስ ሳይፈለግ ቀርቶ? ግልፍተኛ ስለሆንኩ ሐኪሞቹ ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣችልህ» ይባባላሉ።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ካርድ እጄ ገባና ስሙን ሳነብ ክው አልኩ። የጎረቤቴ ነው። ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው ጀልዴሳ ተወልዳ ከተማ ያረጀች፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደ እናቱ «አዴ» የሚላት፣ እኔንም በልጅነቴ አዝላ ያሳደገችኝ። ብሽሽቷ ላይ እብጠት ወጥቶ ናሙናው ሲመረመር ካንሰር ሆነ፤ ያውም ከሌላ ቦታ የመጣ። ከየት እንደመጣ ግን አልተገኘም።

እንደ ልማዴ ሐኪሙ ላይ ዘመትኩበት። ከደጋ በቅርቡ የተዛወረ፣ ትዕግሥተኛ ልጅ ነው። «ሳንባዋን፣ ጉበቷን፣ ማህፀኗን፣ ሁሉንም አይቻለሁ» አለኝ። «መነሻውን ካላወቅሁ በግምት ልጀምር ነው። በግምት ማከም ደግሞ አልፈልግም።» ኮዱን ሳልጽፍ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አሳደርኩት።

እዚህ ላይ ስለ አዴ እግር መናገር አለብኝ። ከዓመታት በፊት የውስጥ እግሯ ላይ የሆነ ነገር በቀዶ ሕክምና ወጥቶላታል፤ ሐረር ነበር የተደረገላት። «እሾህ ነው» ተባለ። አዴ የእሾሁን ታሪክ ለሰፈሩ ስታወራ ኖረች፤ ሲጀመር መርፌ የማታክል የነበረችው እሾህ በየዓመቱ እያደገች በመጨረሻ የግመል ዓይን ልታወጣ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ካልሲ ከእግሯ ተለይቶ አያውቅም። ድሬዳዋ ውስጥ፣ አስፋልቱ በሚቀልጥበት ወር፣ ካልሲ! ስንስቅባት «ይበርደኛል» ትላለች። ምርመራ ክፍል ስትገባም ያው ነው፤ አማርኛዋ ስለማያስተማምን ከሐኪሙ ጋር የሚያስተረጉምላት ባጃጅ ነጂው ልጇ አብሯት ስለሚገባ፣ ካልሲዋን አታወልቅም። ከዚህ በፊት ታመሽ ታውቂያለሽ ስትባል «በጭራሽ» ትላለች፤ ልጇም «በጭራሽ» ብሎ ይተረጉማል።

ካርዱን ባሳደርኩ በማግስቱ ጠዋት ይኸው ልጇ መስኮቴ ላይ ተለጠፈ።

«እህቴ፣ ካርዷ ላይ አንድ ነገር ጨምሪልኝ፤ እሷ ግን እንዳትሰማ።»

«ምን?»

«ያ እሾህ እሾህ አልነበረም። ካንሰር ነው፣ አውጥተነዋል አሉን። ለምን እናስደነግጣታለን ብለን እሾህ ነው አልናት። ወላሂ አሁን እንቅልፍ አጣሁ፤ የዛሬው ከዚያ የመጣ ቢሆንስ?»

«እኔ የሰማሁትን አልጽፍም፤ ሐኪም የጻፈውን ነው ኮድ የምሰጠው። ሩጥ፣ ለሐኪሙ ለራሱ ንገረው!» ብዬ ሰደድኩት።

ወንበሬ ላይ ሳልረጋጋ ሌላ ሰው መስኮቱን ቆረቆረ። አዴ ናት፤ ባለ ካልሲዋ።

«ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ዛሬ ያን ልጄን ሸሽቼ ነው የመጣሁት» አለችኝ በኦሮምኛ። «ከሐኪሙ ጋር አንቺ አስተርጉሚልኝ። ያ እሾህ እሾህ አልነበረም።»

ብዕሬን ጥዬ ተነሳሁ።

«ያኔ ልጆቼ መድኃኒት ሊገዙ ሲወጡ የሐረሩ ሐኪም በቋንቋዬ ነግሮኛል። እነሱ እኔን ላለማስደንገጥ ስንት ለፉ! ያን ሁሉ ልፋት እንዴት ላፍርስባቸው? አወቅኩ ሳልል ቀረሁ።»

«ካልሲውስ አዴ?»

«ልጄ ጠባሳውን ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። እንዳያየው ብዬ ነዋ።»

ሳቅም እንባም እኩል መጡብኝ። የሰው ምስጢር ለሰው አይነገርም፤ ለእናትም ለልጅም ቢሆን። ክንዷን ይዤ ወደ ሐኪሙ ክፍል ወሰድኳትና አንኳኳሁ፤ «ግቡ» ሲለን በሩን ከፈትኩ።

ልጇ ቦታውን ለሐኪሙ ለማሳየት የገዛ ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ጣቱን ተረከዙ አጠገብ ደግኗል። እናቱን ሲያይ እንደዚያው እንደተሰቀለ ደረቀ።

አዴ እግሩን አየች፤ ጣቱን አየች፤ ሁሉም ገባት። ቀስ ብላ ተቀመጠችና ካልሲዋን መግፈፍ ጀመረች።

«አቦ አንተ ልጅ፣ እግርህን አውርድ። ትክክለኛው ይኸው።»

በመጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላስታውስም። ልጁ እየሳቀ አለቀሰ፤ እሷ እያለቀሰች ሳቀች፤ እኔ ላስተርጉም ብዬ ሁለት ቃል እንኳ ማገናኘት አቃተኝ። ሐኪሙ ብቻ ተንበርክኮ በባትሪ ሲያይ ቆየ። ከጠባሳው ጠርዝ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች። ናሙና ወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ እሱ ራሱ ካርዱን ይዞልኝ መጣ፤ መነሻ በሚለው ቦታ ላይ የቀኝ የውስጥ እግር ተብሎ ተጽፏል። «አሁን ምን እንደማባርር አውቄያለሁ» አለኝ። ያን ኮድ አለመጻፍ ምን ያህል እንደሚያስደስት ለማንም ማስረዳት አልችልም። መስኮቱን ዘግቼ ብቻዬን እስክስታ መታሁ።

ካንሰሩ ከእግሯም ከብሽሽቷም ተወገደላት። ሕክምናዋ ገና አላለቀም፤ ቀጠሮም አላት፤ ሐኪሙ ግን ፊቱ ፈክቷል። በቀደም ለቀጠሮዋ ስትመጣ በመስኮቴ በኩል አለፈች። እግሯ ላይ ክፍት ጫማ፣ እጇ ላይ የታጠፉ ካልሲዎች።

«ለማን ነው?»

«ለዶክተሩ። አገሩ ደጋ ሲሄድ ያደርገዋል» አለችኝ፤ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ጥቂት እንደሄደች የጫማዋ ማሰሪያ ተፈታ። ልጇ ጎንበስ ብሎ እግሯን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ማሰሪያውን ማጥበቅ ጀመረ። ጠባሳው ፊት ለፊቱ ነው። አዴ ጠባሳውን ትታ ልጇን ታያለች። እኔም ከመስኮቴ አንገቴን አስግጌ አየሁት፤ ፊቱ አልጠቆረም።