ሳልተረጉም ያስቀረሁት

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ አስተባባሪው ወደ ደጋ ለወንጌል የሚወጡ ወጣቶችን ሲመዘግብ፣ «ጋሞኛ የሚያስተረጉም ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሦስት አራት ሰዎች ዞረው አዩኝ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ለማሰር ጎንበስ አልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ለእረፍት አራት ሆነን ከካምባ በላይ ወዳለ አንድ መንደር ልንሰብክ ወጣን። መሪያችን ናሆም አባቱ ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ አርባ ምንጭ የቀረ ልጅ ነው። ንግግሩ መንገደኛ ያስቆማል፤ ጋሞኛ ግን አይሰማም። ሌሎቹ ሁለት ወንዶችም አይችሉም። እኔ ቋንቋውን ከእናቴ አግኝቼዋለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለምፈራ የሌላ ሰው ቃል ማድረስ ይቀለኛል፤ ቢሳሳትም የተሳሳተው እሱ ነው እያልኩ።

ከታች ሙቀቱንና የሙዙን ማሳ ትተን ስንወጣ ጉሙ ተቀበለን። ከካምባ በኋላ በእግር፣ በቀርከሃና በእንሰት መካከል። ሰላም ያልናቸው ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ። የጋሞ ሰው ሰላምታ ቶሎ አያልቅም፤ የልጁም፣ የከብቱም፣ የማሳውም ደህንነት ይጠየቃል። ስለዚህ ያ ዝምታ ከብርዱ ይልቅ አንዘፈዘፈኝ።

ያሳረፈችን እትዬ አልማዝ ካምባ ገበያ ገብስ ልትሸጥ ወርዳ ወንጌል ሰምታ ያመነች፣ በመንደሩ ብቸኛዋ ጴንጤ ነበረች። ባሏ ጦና ከወራት ሕመም በኋላ ከቀርከሃው ግርዶሽ ጀርባ ተኝቷል። ትኩስ ቆጮ በጎመንና በዳጣ አቀረበችልን። ዳጣው አስለቀሰንና ሳቀችብን።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ መጡ። ግቡ ቢባሉ አልገቡም። ደጅ ቆመው፣ እኛን ሳያዩ፣ አልማዝን በጋሞኛ አናገሯት።

«በረዶው ገብሳችንን ያጨደው በከንቱ አይደለም። ጎሜ ሆኗል» አሉ። ጎሜ የአባቶችን ክልክል መጣስ ነው፤ መዓቱም ለሁሉም ይተርፋል ይባላል። «እስከ ገበያ ቀን እነዚህን ካልሸኘሽ እሳት አንጫጫርም። ሞት ቢመጣም ሬሳ አንሸከምልሽም።»

«ምን አሉ?» አለኝ ናሆም።

መንገዱን ሙሉ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ጸብ እንደሚያበርዱ እያነሳ ሲያደንቅ ነበር፤ እኔም በልቤ ስኮራ። አሁን አፈርኩ። የእናቴ ወገኖች እንዲህ ይላሉ ብዬ እንዴት ልንገረው?

«መምጣታችን አላስደሰታቸውም። በረዶ ገብሱን ስለመታው ተቆጥተዋል።»

«ሌላስ?»

«ይኸው ነው።»

አልማዝ ሽማግሌውን ልትሸኝ ከደጅ ወጥታ ነበር፤ ያልኩትን አልሰማችም።

«ቁጣ ብቻ ከሆነ አንሄድም» አለ ናሆም።

የገበያው ቀን አለፈ። ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ ሰው በእሾህ አጠረው። ግቢያችን እየመጡ ይዘምሩ የነበሩት ሕፃናት ቀሩ። የጎረቤት ጭስ ይታየናል፤ የሰው ድምፅ ግን የለም።

በማግስቱ ጠዋት ጦና ሞተ። አልማዝ ጮኸች። በዚያ አገር ለአንድ ጩኸት ሸንተረሩ በሰው ይሞላል። ማንም አልመጣም። ከማዶ ወንዶች ቡልኳቸውን ተከናንበው ቆመው ያዩናል። አራታችን መቆፈር ጀመርን፤ አፈሩ ረጥቦ ከዶማው አይላቀቅም። የናሆም መዳፍ ውሃ ቋጠረ።

«ሰው ምን ነክቶት ነው የማይመጣው?»

«ሽማግሌ ተናግሮ የለ?» አለች አልማዝ፣ በገበያ አማርኛዋ። «ካልሄዱ ሬሳ አንሸከምም ብሎ።» ወደ እኔ አመለከተች። «እሷ ሰምቷል።»

ናሆም ዶማውን አስቀመጠ። «ምሕረት?»

አፈሩን አየሁ። አልማዝም ወደ ጋሞኛ ተመልሳ ቀስ ብላ፣ «ሰምተው የቀሩ መስሎኝ ነበር። የጸናሁት በእነሱ ድፍረት ነው» አለችኝ።

ይህን አንድ ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ።

ከቀብሩ በኋላ ናሆም ከእኛ ጋር እንድትወርድ ለመናት። «ቤቴ ነው። ያመንኩትም እናንተ ሳትመጡ ነው» አለች። እኛ ወረድን። በመንገድ ማንም አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻል ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ናሆም አሁንም ስለ እምነት ዋጋ ይሰብካል፤ የእሱ መዳፍ በሳምንቱ ድኗል። እኔ ያጎደልኩት ዓረፍተ ነገር ግን የአልማዝ ነበር፤ «ሂዱ» ወይም «ቅሩ» ለማለት ከእኛ ጋር የምትመክርበት። ሳልጠይቃት ወሰድኩባት።

ባለፈው ወር ከካምባ በሰው ስልክ ደወለችልኝ። ሁለት ሴቶች ቤቷ መጥተው አብረዋት ይጸልያሉ፤ እነሱንም መንደሩ አግልሏቸዋል። ሳል ይዟታል።

«ምሕረት፣ እኔንስ ማን ይሸከመኛል?» አለችኝ።

እንደ ልማዴ ቃሉን የማደርስለት ሰው ለመፈለግ ዞር አልኩ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።