የእትዬ አስካለ መደብ

ካዛንቺስ ጋሽ ወርቁ ሥጋ ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን ቢላ ይሰጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። የሰጡኝ መጥረጊያ ነው። ወለሉን አጥቤ ስጨርስ ጋሽ ወርቁ ጠሩኝና መክተፊያው ግንድ ላይ የነበረውን ቁርጥራጭ ሥጋ በእጃቸው ለሁለት ከፈሉት።

«አንተ ብትሆን የትኛውን ትወስዳለህ?» አሉኝ።

የግራውን አሳየኋቸው።

«ከሱ ቀንስና ለዚያኛው ጨምር።»

ጨመርኩ። ደግመው ጠየቁኝ። አሁን ደግሞ የቀኙ አማረኝ። ከቀኙ ቀንሼ ለግራው መለስኩ። በመጨረሻ የቱን እንደምመርጥ አጥቼ ዝም አልኩ።

«እንዲህ ዝም ስትል ነው እኩል የሆነው» ብለው ወደ ደንበኞቻቸው ዞሩ።

የመደልደል ሙያ መጀመሪያው ይኸው ነው። አሁን በማታው ክፍል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ብዙ ጊዜ የማወራላቸው ስለ አንድ ቅርጫ ነው። እዚህ በቅደም ተከተል ለመጻፍ ሞክሬአለሁ።

በእኛ ሥራ በሬውን የሚጥለው አራጅ ይባላል። ቆዳውን የሚያወጣው ገፋፊ ነው። ብልቱን የሚያወጣው ቆራጭ ነው። የበዓል ቅርጫ ሲሆን ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚከበረው ደልዳዩ ነው። ሻኛው፣ ሽንጡ፣ ጎድኑ፣ ጉበቱ፣ ጨጓራው ሁሉ ለየተካፋዩ በሚከመረው መደብ እኩል እንዲደርስ የሚያደርገው እሱ ነው። ቆዳ እየገፈፍኩ፣ ከዚያም ብልት እያወጣሁ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የጋሽ ወርቁ ጉልበት ሲደክም የሰፈሩን ቅርጫ እንድደለድል እኔን ይልኩኝ ጀመር።

ደልዳይ ሁለት ነገር ያከብራል። አንደኛ፣ ዕጣ አይጥልም። ተካፋዮቹ ምልክታቸውን ሰጥተው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ የማንን ምልክት እንደያዘ የማያውቅ ሰው ይጠራና በየመደቡ ላይ ያስቀምጣል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው መደብ እስኪነሳ ድረስ ደልዳዩ ቢላውን አያጥብም፣ ከቦታውም አይሄድም።

ከሱቃችን ጀርባ ያለው ግቢ ቅርጫ የቆየ ነው። ከፊሎቹ ተካፋዮች ቤታቸው ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ለበዓል ግን በሚኒባስ ይመጣሉ። ሰብሳቢያቸው አቶ ጌታቸው የሚባሉ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። በዓል ቀንም ከረባት ያስራሉ። ታክሲ የሚነዳው ብሩክ ደግሞ የግቢው ቀልደኛ ነው። እዚያው ግቢ የሚኖሩት ጋሽ ንጉሤ መካኒክ ነበሩ። ምልክታቸው አንድ የዛገ ቡሎን ነው።

ክረምቱ ሲገባ ጋሽ ንጉሤ ዐረፉ። ልጅ አልነበራቸውም። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ሐዘን ላይ ስለነበሩ እንቁጣጣሽ ላይ አይገቡም ብለን ነበር። እሳቸው ግን ጥቁር ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቡሎኑን በመዳፋቸው ይዘው መጡ።

«የንጉሤን ቦታ እኔ ይዣለሁ» አሉ።

ሥጋውን በኮባ ቅጠል ላይ ደለደልኩ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ተጠርቶ ዕጣውን ጣለ። ሁሉም ሲዞሩ ብሩክ እጁን አጨበጨበ።

«እትዬ! የአንበሳውን ድርሻ ወሰዱት እኮ! በቃ እኛ አጥንት እንቆርጥም!»

ተሳቀ። እኔም አየሁ። እውነትም ቡሎኑ ያረፈበት መደብ ከሌሎቹ የሚበልጥ መሰለኝ። እንዴት እንደሳትኩ ገረመኝ።

መስቀል ላይ ተጠንቅቄ ደለደልኩ። ጋሽ ወርቁ እንዳስተማሩኝ ራሴን እየጠየቅኩ፣ የቱን እንደምመርጥ እስካጣ ድረስ ቀነስኩ፣ ጨመርኩ። ዕጣው ወደቀ። ሰዎቹ ሲዞሩ የቡሎኑ መደብ ከርቀት ተለይቶ ታየ። የተቆለለ ይመስል ነበር። ያን ዕለት ብሩክም አልቀለደ። እትዬ አስካለ ሥጋቸውን በሳፋ አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ማንም ልርዳዎት አላላቸውም።

ከሳምንት በኋላ አቶ ጌታቸው ሱቅ መጡ። ሥጋ አልገዙም።

«አንተ ልጅ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ፣ ጋሼ?»

«ለአንዲት ብቸኛ ሴት ሁልጊዜ ትልቁ መደብ ይደርሳል። ወይ እጅህ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር ነው።»

«ዕጣውን እኔ አልጥልም። መደቡ ደግሞ እኩል ነው። ሌላ ነገር የሚሉት ምንድን ነው?»

ከረባታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ማለቴ፣ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን አላወራም። ሰው ግን ንጉሤ ድርሻውን አልተወም ይላል። ገና ላይ እንደዚህ ከሆነ አስካለን ከቅርጫው እናስወጣለን። ያን ቦታ የሚጠብቅ ባለቤተሰብ አለ። አንተንም ሌላ ሰው ይተካሃል።»

ለእኔ ሥራ ነበር። ለእትዬ አስካለ ግን ከባላቸው የቀረላቸው ያ ቦታ ብቻ ነበር። ግቢው ውስጥ ስማቸው የሚጠራበት ሌላ ምክንያት አልነበረም።

ለጋሽ ወርቁ ነገርኳቸው። ብዙ ጊዜ ሞረዱን በእጃቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። በቅርጫ ላይ ሚዛን ማምጣት ደልዳዩን መስደብ ነው፤ ዓይኑ አይታመንም እንደማለት ነው። እሳቸው ግን ተነሥተው የሱቁን ሚዛን ራሳቸው አወረዱና ሰጡኝ።

«ሄደህ መዝን። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ» አሉ።

የገና ዕለት ጠዋት ግቢው ቀዝቃዛ ነበር። ከሥጋው ላይ እንፋሎት ይነሣል። ሚዛኑን ሲያዩ የተወሰኑት አጉረመረሙ። አቶ ጌታቸው ግን አጠገቤ ቆሙ። እያንዳንዱን መደብ መዘንኩ። የጎደለውን ሞላሁ፣ ከበለጠው ቀነስኩ። የሚዛኑ ቀስት ለሁሉም አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«አዩ፣ ጋሼ?»

«አይቻለሁ» አሉ አቶ ጌታቸው። ጮክ ብለውም ለሁሉም ተናገሩ። «እኩል ነው! በዓይኔ አይቻለሁ!»

ሰዎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ከጎረቤት ግቢ ተጠርቶ የመጣ ዘበኛ ምልክቶቹን ተቀብሎ በየመደቡ ላይ አስቀመጠ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

«ዙሩ» አለ ዘበኛው።

ዞሩ። እኔም ዓይኔን ገለጥኩ።

ቡሎኑ ከግድግዳው አጠገብ ባለው መደብ ላይ ነበር። ያ መደብ ትልቅ ነበር። እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም። የቆረጥኩትን ሥጋ አውቃለሁ። ሻኛውን፣ ጎድኑን፣ የጉበቱን ቁራጭ ለይቼ አውቃቸው ነበር። አንዱም አልተለወጠም። ግን መደቡ ትልቅ ነበር። ከአጠገቡ ያሉት ደግሞ የኮሰሱ ይመስሉ ነበር።

«በቃ፣ ይኸው» አለ ብሩክ በቀስታ።

መደቡን አንስቼ ሚዛኑ ላይ አደረግኩት። ቀስቱ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። አቶ ጌታቸው ጎንበስ ብለው አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩ።

«ሚዛኑ ነው የተበላሸው። የእኔን መዝን።»

የእሳቸውንም መዘንኩ። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ሁለቱንም መደብ ከነምልክታቸው ወደየቦታቸው መለስኩ።

ያኔ እትዬ አስካለ ወደ ፊት መጡ። በዚያ ጠዋት ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ጌታቸው፣ የኔን ውሰድና ያንተን ስጠኝ።»

«ኧረ አስካለ፣ እንደሱ አይደለም...»

«ነው እንጂ። ውሰድ።»

አጎንብሰው ቡሎኑን አነሡና በአቶ ጌታቸው መደብ ላይ አስቀመጡት። የአቶ ጌታቸው ምልክት የሆነውን ቁልፍ ደግሞ ግድግዳው አጠገብ ባለው መደብ ላይ ጣሉ። ቀና ሲሉ ሁላችንም እያየን ነበር።

የግድግዳው መደብ አነሰ። ቁልፉ የተቀመጠበት ተራ መደብ ሆነ። አሁን ያደገው የቡሎኑ ነበር።

አንዲት ሴት አማተበች። ብሩክ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሳፋ ረግጦ አንኳኳ። ከዚያ ደንግጦ ይሁን ተናዶ አላውቅም፣ የራሱን መደብ ለእትዬ አስካለ ሰጥቶ የእሳቸውን ተቀበለ። ምንም አልተለወጠም። ቡሎኑ በሄደበት ሁሉ ትልቁ መደብ አብሮት ሄደ። ከዚያ በኋላ ልለውጥ ያለ ሰው አልነበረም።

«እሺ፣ አሁንስ ምን ትሉኛላችሁ?» አሉ እትዬ አስካለ። አልጮኹም። «ንጉሤ እያለም መደባችን ይችው ነበረች። ያኔ ማን በለጠች ብሎ ያውቃል? በበዓል ከቤታችን የሚጠፋ ነበር? አንተ ጌታቸው፣ ጎድኑን ማን ነበር የሚበላው? ብሩክ፣ አንተስ ዱለት ሳትቀምስ መኪናህን ታስነሣ ነበር? ከቀብሩ ወዲህ ደጃፌን የረገጠ ሰው ካለ ይናገር።»

ማንም አልተናገረም።

«ይኼ የምታዩት ያልበላችሁት ነው» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አስወጡኝ ካላችሁም አሁን፣ ዓይኔ እያየ አስወጡኝ።»

አቶ ጌታቸው ሚዛኑን አዩ። እኩል ነው ብለው የመሰከሩት እሳቸው ነበሩ። «ዕጣሽ ይቆያል። ማንም አይነካውም» አሉ። ከዚያ ሥጋቸውን አንሥተው ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ወደ ኋላቸው ሳያዩ ወጡ።

የእትዬ አስካለ መደብ ብቻ ቀረ። እሳቸው አላነሡትም፤ ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። መደቡ ካልተነሣ እኔም አልሄድም። በሳፋ አድርጌ ተሸከምኩት። ስንት እንደሚመዝን አውቃለሁ። ሙሉ ወርች ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ከግቢው መሐል እስከ ቤታቸው ባለው አጭር መንገድ ሁለት ጊዜ አውርጄ ዐረፍኩ።

ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው ለብዙ ሰው ተዘጋጅቷል። ሳህኖች ተደርድረዋል። ብርጭቆዎቹ በሙሉ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። አንዱ ወንበር ላይ የመካኒክ ቱታ ታጥቦና ታጥፎ ተቀምጧል።

«እዚያ ጋ አስቀምጠውና አድቅልኝ» አሉኝ። ለዱለት የሚሆነውን ማድቀቅ ጀመርኩ።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ብሩክ ነው። ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል።

«እንኳን አደረስዎ፣ እትዬ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ግባ።»

ገባና ቱታው ወዳለበት ወንበር እጁን ሰደደ።

«እዚያ አይደለም» አሉት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ወደ ሌላው ወንበር ሄደ።

ሦስታችን በላን። በኋላ ብሩክ ጋሽ ንጉሤ የታክሲውን ካምቢዮ በሽቦ አስረው እስከ ወሎ ሰፈር እንዴት እንዳደረሱት ሲያወራ እትዬ አስካለ ሳቁ። እኔ ጀርባዬን ለዚያ ወንበር ሰጥቼ ነበር የተቀመጥኩት። እስክወጣ ድረስ አልዞርኩም። አቶ ጌታቸውም ሌሎቹም በዚያ ቀን አልመጡም።

ፋሲካ ላይ ያለ ሚዛን ደለደልኩ። ዕጣው ወደቀ፣ ሰዎቹ ዞሩ። ቡሎኑ መሐል ላይ ነበር። የተቀመጠበት መደብ እንደ ሌሎቹ ነው። አልበለጠም፣ አላነሰም። ብሩክን አየሁት። እሱም መደቡን አይቶ ወደ እኔ ተመለከተና ትከሻውን ሰበቀ። አይቻለሁ፣ ምንም የለም ማለቱ ነበር።

አቶ ጌታቸው ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ። እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር።

«አየህ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «አሁን ደግሞ ብሶበታል። ግድግዳውን ሊነካ ነው እኮ።»

መደቡን ደግሜ አየሁ። ከግድግዳው ብዙ ይርቃል። ሌሎቹ ተካፋዮች ግን እንደ እሳቸው ወደ ግድግዳው እያዩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ግቢ ደልድያለሁ። የአንዱ መደብ በለጠ የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። ሚዛን አላመጣም። መጀመሪያ የምጠይቀው ያ ሰው እዚያ ቤት ገብቶ በልቶ ያውቅ እንደሆነ ነው።