የእትዬ ዘይነባ ድንኳን

ባለፈው ቅዳሜ ለተማሪዎቻችን ጉዞ የሚሆነውን ድንኳን ከዕቃ ቤት አውጥተን ግቢው ሣር ላይ ተከልነው። ገመዱን አጥብቀን ሳንጨርስ ዝናብ ወረደ። ልጆቹ እየተንጫጩ ከሥሩ ተጠጉ፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። እርጥብ ሸራ፣ ሰምና የተረገጠ ሣር አንድ ላይ ሲሆኑ የሚሰጡትን ሽታ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም። ያ ሽታ ሲያውደኝ አንድ ልጅ ጣቱን ወደ ጣሪያው ሲሰድ አየሁ። ቀኝ እጄ ለመምታት ተነሣ። ተማሪ መትቼ አላውቅም። የተነሣው ክንድ የእትዬ ዘይነባ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ድንኳን የሚሰፉ የወሎ ሴት ነበሩ። ጣሊያን ጥሎት የሄደው የጦር ሸራ ገና አራዳ ውስጥ በክምር የሚሸጥበት ዘመን ነው። እሳቸው አሮጌውን ስፌት ይፈቱና ደህናውን ከበሰበሰው ለይተው፣ በሰም በታሸ ሲባጎ ደርበው ይሰፉታል። መደረቡ ምክንያት አለው፤ ነጠላ ስፌት በነፋስ ሲጎተት የመርፌው ቀዳዳ ይለጠጣል፣ ውሃ የሚገባውም በዚያ ነው። ትከሻቸው ሰፊ፣ ድምፃቸው ድልድዩን ተሻግሮ የሚሰማ ስለነበር ጎረምሶቹ «ነጎድጓድ» ይሏቸዋል። ብቅ ሲሉ አንዱ «ጃንጥላ ያዙ!» ብሎ ይሮጣል፤ ያልሮጠ ወይራቸውን ይቀምሳል። ወይራዋ ልክ አንድ ክንድ የምትሆን ዱላ ነበረች። ሸራ የሚለኩትም ባለጌ የሚቀጡትም በእሷው ነው።

እኛን ወደ እሳቸው የወሰደን የእናቴ ስለት ነው። ታናሽ ወንድሜን ተስፋዬን በየዓመቱ ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ ልትወስደው ተስላ ነበር። ሐምሌ ደግሞ ሐምሌ ነው። አምና እዚያው ተራራ ላይ ድንኳናችን ተቀድዶ ልጁ በዝናብ በሰበሰ፤ በሳንባ ምች ሦስት ወር ተኛ። ሐኪሙ አባቴን «ዘንድሮም እንዲህ ከረጠበ አይተርፍም» አለው። አባቴ ጉዞው እንዲቀር ለመነ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻ በር ሰበረ። እናቴ ግን «ገብርኤልን አልዋሸውም» ብላ ስንቅ ማዘጋጀቷን ቀጠለች። እንግዲህ የቀረን ነገር ቢኖር ዝናብ የማያስገባ ድንኳን መምረጥ ብቻ ነበር።

አባቴ መጀመሪያ የቆመው እትዬ ዘይነባ ጎን ካለ ነጋዴ ዘንድ ነው። ነጋዴው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ አዲስ የሚመስል የወታደር ድንኳን ዘርግቶ «ጌታዬ፣ ይሄን ጥይት አይበሳውም!» ይላል። አባቴ ራሱን በመስማማት ሲነቀንቅ እትዬ ዘይነባ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ጥይቱ ይቅር፣ የእኔ አውራ ጣት ይበሳዋል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ገበያዬን አትዝጊ!»

ሁለት አውራ ጣቶቻቸውን ጎን ለጎን ሸራው ላይ ተክለው ወደ ውጭ ገፉ። ድንኳኑ ከጣሪያው እስከ ጫፉ ተተረተረ፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ክር እንደ አመድ ቦነነ። ነጋዴው የብረት ካስማ አንሥቶ ግንባራቸውን መታቸው። ብረቱ አጥንት ላይ ሲያርፍ የሰጠው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደሙ ቅንድባቸውን አልፎ ነጭ ሻሻቸውን አቀላው። አልወደቁም። ወይራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ትከሻውን፣ ጉልበቱን፣ ደግመው ትከሻውን አሉት፤ በሦስተኛው ምት ዱላዋ ለሁለት ተሰበረች። ሲወድቅ በገዛ ድንኳኑ ጠቅልለው በገመድ አሰሩት። «ነጎድጓድ ጥቅል ጎመን መሸጥ ጀመረች!» አለ አንዱ ጎረምሳ፤ ገበያው በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። ከጥቅሉ ውስጥ ሰውየው ሲያቃስት ይሰማኝ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ቁስላቸውን በሸራ ቁራጭ ጫን አድርገው ወደ አባቴ ዞሩ። «ስንት ናችሁ ጌታው?»

«አራት።»

«እንግዲያው የስምንት ሰው ትወስዳላችሁ።»

«እትዬ፣ እኛ እኮ ሠርግ አይደለም የምንሄደው!»

«ሠርግማ ቢሆን ብትበሰብሱ ምን ገዶኝ! በሉ ግቡና ተኙ።»

ከቤታቸው ጀርባ የተተከለ ድንኳን ውስጥ አራታችንም ተጋደምን። ከላይ በባልዲ ውሃ ያወርዱበት፣ በምሰሶ ይቀጠቅጡት ጀመር። ውስጡ ጨለማና መዓት ነበር፤ ተስፋዬ እናቴ ደረት ውስጥ ተሸጉጦ ጮኸ። አንዲትም ጠብታ አልገባችም። እኔ ግን ገርሞኝ ጣሪያውን በጣቴ ነካሁ። እትዬ ዘይነባ ሸራው ሲነሣ ከውጭ አይተው ኖሮ፣ ዘለው ገብተው በተሰበረችው ወይራ ጣቶቼን መቱኝ።

«እርጥብ ሸራ አይነካም! ጣትሽ ባረፈበት ውሃው መንገድ ያገኛል። ሰውም ዕቃም ከግድግዳው አንድ ክንድ ይራቅ። ሰፊ ውሰዱ ያልኳችሁ ለሌላ አይደለም።»

ከዚያም ግማሿን ወይራ እጄ ላይ አኖሩ። «እዚያ እኔ የለሁም። አንቺ ጠብቂው።»

ቁልቢ ላይ ዝናቡ በበዓሉ ዋዜማ ከቀትር በኋላ መጣ። ነፋሱ ካስማ እየነቀለ ድንኳኖችን አንድ በአንድ ገለበጠ፤ ሰዎች ከወደቀ ምሰሶ ሥር ይጮኹ ነበር። ራሱ የተፈነከተ አንድ ሰው ደሙን እየጠረገ ወደ እኛ ገባ፤ ሌሎችም ተከተሉት። አባቴ ማንንም አልመለሰም። ተስፋዬን መሐል አድርገን ከበብነው፤ ገፊው ሲበዛ ግን ሰው ግድግዳውን መደገፍ ጀመረ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሸራውን የነካውን እጅ ሁሉ በወይራዋ ቀጠቀጥኩ፤ የማላውቀውን ሰው፣ አባቴን ራሱን። የአንዲት አሮጊት ጣት ወዲያው አበጠ። «ምን በደልኩሽ ልጄ?» አሉኝ። ዝናቡ ሲያባራ የወንድሜን ልብስ ዳበስኩት፤ ደረቅ ነበር።

ለእትዬ ዘይነባ ይህን ልነግራቸው ስንመለስ ሮጬ ሄድኩ። ግንባራቸው ላይ ጠባሳ ቀርቷል። ሰምተው ሲያበቁ «የአሮጊቷ ጣት ዳነ?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እንጃ አልኳቸው። ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ዛሬ እሳቸው የሉም። ተስፋዬ ስድስት ኪሎ ይማራል፤ ቁመቱ ከእኔ አልፏል። ግማሿ ወይራ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ መስመር አሰምርባታለሁ።

ቅዳሜ ዕለት የተነሣውን እጄን መልሼ አወረድኩት። «ንካው» አልኩት ልጁን። ነካው። ጥቂት ቆይቶ ጣቱ ካረፈበት ቦታ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ወደቀችና ግንባሩን መታችው። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ማንም ምንም ሳይላቸው፣ እየተገፋፉ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቁ።