«የእኔን ፎቶ አንሱ» ያሉት እትዬ ዘነበች

እትዬ ዘነበች ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል። ይህን ለሚያውቋቸው ሁሉ እንድጽፍ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ስላዘዙኝ ነው የምጽፈው። እዚሁ ሲያትል፣ በሬኒየር ቫሊና በስካይዌይ ሰፈሮች ያላችሁ አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። በልጅነታችሁ ከእጃቸው በልታችሁ አድጋችሁ ወደ ሌላ ስቴት የሄዳችሁ ግን ምናልባት ከዚህ ጽሑፍ ትሰሙ ይሆናል። እንዲህ በደረቁ ስላረዳኋችሁ ይቅር በሉኝ። ሌላ አነጋገር ፈልጌ አጣሁ።

ስልኩ ሲደወል፣ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አንዲት አሮጊት ቁርስ እያበላሁ ነበር። ፓስተራችን «እኅቴ፣ እትዬ ወደ ጌታ ሄዱ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ፤ አሮጊቷን አብልቼ ጨረስኩ፤ አፏን ጠረግሁላት። ከሥራ ስወጣ እንደ ልማዴ ለቅዳሜ የሚሆን ድንችና ካሮት ገዛሁ። መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ «ይህን ሁሉ ማን ይልጠዋል?» ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በቀር ምንም አልተሰማኝም። ዛሬም ያው ነኝ።

እትዬ ዘነበች የሆሳዕና ሰው ናቸው። በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ዲቪ ደርሷቸው ብቻቸውን ሲያትል መጡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መሀል ከተማ በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠርተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን እኛ ዘንድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በታች ካለው ወጥ ቤት አይጠፉም ነበር።

የምሳው ነገር የተጀመረው ቅዳሜ ቅዳሜ በማስተምረው የልጆች ክፍል ነው። ልጆቹ ትምህርት መሀል ያንቀላፉ ነበር፤ ምክንያቱ ግራ ገብቶኝ ነበር። እትዬ አንድ ቀን ከኋላ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እንቅልፍ አይደለም። አልበሉም» አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ትልቅ ድስት ተሸክመው በአውቶቡስ መጡ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነፃው ምሳ አብሮ ይዘጋል። አባት ታክሲ ላይ፣ እናት ጽዳት ላይ ናቸው። የቤት ኪራዩም አለ። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ድስት ያነሡት ግን እርሳቸው ናቸው።

ሕጋቸው አጭር ነበረች። «ለድሃ ተብሎ የተለየ ወጥ አይሠራም» ይሉ ነበር። ሀብታሞች ከሚኖሩበት ከሬድመንድ በትልቅ መኪና የሚመጣው ልጅና በአንድ ክፍል ከስድስት ሰው ጋር የሚያድረው ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ። ሲወጡም ሁሉም ለቤት የሚሆን ምግብ ያለበት እኩል ቦርሳ ይዘው ይወጣሉ። ማን ችግረኛ እንደሆነ ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የጎረቤት ሙስሊም ልጆች መምጣት ሲጀምሩ የሥጋው ነገር ክርክር አስነሣ። ማን ያረደው ይገዛ ተባለ። እትዬ «ሥጋው ይቅር፤ ልጆቹ አይቅሩ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ምስር፣ አትክልትና ፓስታ ሆነ።

አንድ ጊዜ አንድ አዲስ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ «አይ አም ናት ሀንግሪ» አላቸው። እንግሊዝኛቸው ትንሽ ቢሆንም ይህችን ለምደዋታል። «እኔም አልራበኝም፤ ና፣ ሳይርበን አብረን እንብላ» ብለው በአማርኛ መለሱለት። ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ተከትሏቸው ገባ።

ቁጡም ነበሩ፤ ይህን ብደብቅ እርሳቸው ራሳቸው አይወዱልኝም። ዘግይቶ የመጣ ሰው ቁጣቸውን ይሰማል እንጂ አይናገርም። ሲያመሰግኗቸው ፊታቸው ይጠቁራል።

ከዚያ ኢኮኖሚው ወደቀ። የታክሲ ሥራ ቀዘቀዘ፤ ሆቴሎች ሰው ቀነሱ። የሚመጡት ልጆች በዙ፤ የሚሰጡት ሰዎች አነሱ። በዚህ ጊዜ ሬድመንድ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ያለው ወንድማችን ሳሙኤል አንድ ሐሳብ ይዞ ወጥ ቤት ውስጥ ወዳደረግነው ስብሰባ መጣ። ለሥራ ባልደረቦቹ የሚላክ በራሪ ወረቀት አዘጋጅቷል። የቀረው ፎቶ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ዶነሮቹ ፒክቸር ካላዩ አይሰጡም። ሶ፣ ሁለት ሦስት ልጆች ብቻ ሰሌክት እናድርግ። ሲበሉ እናንሳቸው።»

«የእኛን ልጆች?»

«አዎ። ስማቸውን አንጽፍም።»

እትዬ ማማሰያውን እንደያዙ ተቀመጡ። አነጋገራቸው የወትሮው ቁጣ አልነበረበትም።

«ልጅ ሆኜ በእርዳታ ነው የተማርኩት። አልክድም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ፎቶ ሲያነሱን ስማችን የተጻፈበት ሰሌዳ ደረታችን ላይ ያስይዙን ነበር። እኔ ሳቂታ ነበርኩ። የሚያነሣው ሰውዬ ‹አትሳቂ፤ ከሳቅሽ አይረዱሽም› አለኝ። አልሳቅሁም። ልብስም ጫማም አገኘሁ። ሳሙኤል ልጄ፣ አንተ ክፉ አይደለህም። ነገር ግን እኔ በሕይወት እያለሁ ማንም ልጅ እዚህ ቤት ለምግብ ብሎ ሳቁን አይውጥም።»

ወረቀቱ ሳይላክ ቀረ፤ የሚጠበቀው ገንዘብም ቀረ። ያ በጋ ከባድ ሆነ። የቦርሳው ነገር ቆመ። ወጡ ቀጠነ። አንድ ቅዳሜ ከስካይዌይ የምትመጣ እናት ልጇን ልትወስድ ገብታ ባዶ እጁን ስታየው፣ በሰው ሁሉ ፊት ጮኸችባቸው።

«የእኔ ልጅ ፎቶ ቢነሣ ምን ይጎድልበታል? እርስዎ ይኩሩ! ራቡን ግን እርስዎ አይደሉ የሚራቡለት!»

እትዬ ሽርጣቸውን ፈቱና ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። እኔ ድስቱን ማጠቤን ቀጠልኩ። «እውነቷን ነው» አሉኝ። «ኩራቱ የእኔ ነው፤ ዕዳው ግን በልጇ ላይ ወደቀ።»

በማግስቱ እሑድ፣ አምልኮ እንዳለቀ ሳሙኤልን ጠሩት። «ፎቶ ካልተገኘ አይሰጡም ነው ያልከው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲያው የእኔን ፎቶ አንሱ። የምለምነው እኔ ነኝ፤ ልጆቹ አይደሉም።»

አዳራሹ ውስጥ የነበረ ሰው ሳቀ። እርሳቸው ግን ሽርጣቸውን አምጥተው ታጠቁና፣ ማማሰያውን ይዘው በግድግዳው ፊት ቆሙ። ሳሙኤል ሊያነሣቸው ስልኩን አወጣ። «ልሳቅ ወይስ አልሳቅ?» አሉት። እርሱም «እንደፈለጉ ይሁኑ» አላቸው። ሳቁ። የጎደለ ጥርሳቸው ሁሉ ታየ። ያ ፎቶ «ለልጆች ምሳ እለምናለሁ» የሚል ጽሑፍ ተደርጎበት በሬኒየር ቫሊ ሱቆች መስኮት ላይ ተለጠፈ። ሳሙኤልም ለባልደረቦቹ ላከው። ባለሱቆች ሩዝና ምስር በጆንያ አመጡ። ከሬድመንድም እንደታሰበው ባይሆን እንኳን የተወሰነ ገንዘብ መጣ። ቦርሳው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህም ቅዳሜያችን ተቋርጦ አያውቅም።

ያቺ እናት ግን ዳግመኛ አላነጋገረቻቸውም። እትዬ እስከ ቤቷ ሄደው አንኳኩተው ነበር፤ አልከፈተችላቸውም። ልጇን ግን ሳታቋርጥ ትልክ ነበር። «መላኳ ይበቃኛል» ይሉ ነበር። የበቃቸው አልመሰለኝም።

ባለፈው ክረምት ስትሮክ መትቷቸው ንግግራቸው ተያዘ። ወደሚታከሙበት እየሄድኩ ሾርባ አበላቸው ነበር። አንድ ቀን ሳሙኤል ሲገባ ቀና ብለው ብዙ ሊነግሩት ሞከሩ፤ አንዱም ቃል አልወጣም። እርሱም «ገብቶኛል፣ እትዬ» አላቸው። ወደ ኮሪደሩ ስንወጣ «ምን አሉኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም አላወቅሁም።

አርብ ዕለት ቀበርናቸው። ዝናብ አልነበረም። ሰው ብዙ ነበር፤ አለቀሰ። እኔ ወንበር አጣጠፍኩ።

እትዬ ዘነበች፣ እርስዎን እንዴት እንደምሰናበት አላውቅም። ሌሎቹ እንባ አላቸው፤ እኔ ይህን ጽሑፍ ብቻ ነው ያለኝ። አንድ ቀን እንባው ይመጣ ይሆናል፤ ያን ቀን ይስሙኝ። ትናንት ቅዳሜ ነበር። ይዘጋ ያሉ ነበሩ፤ ሳሙኤልና እኔ ከፈትን። ልጆቹ መጡ። አንዲት ትንሽ ልጅ «ዌር ኢዝ እትዬ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር። ግን በሉት። ሳሕኑ ሁሉ ባዶ ተመለሰ፣ እትዬ። በሰላም ይረፉ።