ሲርቁ ጥራ፣ ሲመጡ ዝም በል

ወዳጄ ዳክዬ ያድናል እንጂ አይበላም። እኛ ዘንድ ዳክዬ አይበላም፤ ቢበላም እንኳ የአደኑ ወቅት ከገና ጾም ጋር ይገጥማል። የገደለውን ሁሉ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ አብሮት ሻንጣ ለሚጭን ቬትናማዊ ይሰጣል። "ታዲያ ለምን ታድናለህ?" ስለው፣ "አንተስ ማንም የማያነበውን ለምን ትጽፋለህ?" ይለኛል። አብሬው እንድሄድ ለዓመታት ጠይቆኛል፤ ለዓመታት እምቢ ብያለሁ።

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ሐሙስ ሚስቱ ደወለችልኝ። የእሱ እናት አገር ቤት ማክሰኞ ዐርፈው ረቡዕ ተቀብረዋል።

"መርዶውን ቅዳሜ ጠዋት ነው የምንነግረው። ሰው እስኪሰበሰብ፣ እስከ ሦስት ሰዓት፣ ከቤት አውጣልኝ ወንድሜ። ስልኩን እኔ እደብቀዋለሁ። ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ።"

መርዶን በየድግሱ ስቃወም የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው የገዛ እናቱን ሞት ከጎረቤቶቹ ሁሉ በኋላ የሚሰማበት ልማድ ደግነት ሳይሆን ስርቆት ነው እያልኩ የስንቱን ምሳ አበላሽቻለሁ። ወዳጄ ደግሞ ለገና እናቱ ዘንድ ሊሄድ ቲኬት ቆርጦ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ይህን ሁሉ ልነግራት አፌን ከፈትኩና "እሺ" አልኩ። አምነውበት የሚዋሹ ሰዎች ቢያንስ እምነቱ አላቸው። እኔ ያንንም አልያዝኩም።

ቅዳሜ ሳይነጋ በእሱ ፒካፕ ከምንኖርባት ከተማ ከዋይሊ ወደ ምሥራቅ ወጣን፤ ከብት የሚጠጣበት አንድ ኩሬ አለ፣ ባለቤቱ ይፈቅድለታል። እውነተኞቹን የሚያታልልባቸውን የፕላስቲክ ዳክዬዎች ከጆንያ አውጥቶ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ገባ።

"አሥር ይበቃል። ትንሽ ኩሬ ላይ ሠላሳ ካደረግህ ስብሰባ ይመስላል።"

ነፋሱ ከጀርባችን እንዲሆን አስቦ ደረደራቸው፤ ዳክዬ የሚያርፈው ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ ነው። መሐል ላይ ባዶ ቦታ ተወ። "እዚህ ይወርዳሉ፤ ባዶ ቦታ ካልተውክላቸው አይወርዱም።" የቀሩትን አራቱን እኔ እንዳስቀምጥ ሰጠኝ። እኩል እኩል አራርቄ በአንድ መስመር አሰለፍኳቸው።

"ይሄ ምንድን ነው? ፓርኪንግ ሎት? ነፍስ ያለው ነገር እንዲህ አይሰለፍም፣ ፕሮፌሰር።"

የአደን ፈቃድ ስለሌለኝ ጠመንጃ አልያዝኩም፤ ሥራዬ እንደ ዳክዬ የሚጮኸውን መጥሪያ ፊሽካ መንፋት ነበር። ሸምበቆው ውስጥ ተቀምጠን ሕጉን ነገረኝ። "ጅራታቸውን ሰጥተውህ ሲርቁ ጥራ። ፊታቸውን ወደ አንተ ሲመልሱ ዝም በል። እየመጣ ያለን የሚጠራ ውሸታም ብቻ ነው።"

አምስት መጡ። አንዴ ዞሩ፣ ሁለቴ ዞሩ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ እኛ ሲያዘቀዝቁ ነፋሁት። ተበተኑ።

"አበዛኸው" አለ።

ወሬም አብዝቼ ነበር። ስለ አየሩ፣ ስለ ኳስ፣ በሕይወቴ አንስቼው ስለማላውቀው ስለ ሣር ማጨጃ ሳይቀር አወራሁ። እሱ ለእናቱ ገዝቶ ሻንጣው ውስጥ ስለከተተው ጃኬት አወራኝ፤ ቀለሙ ደማቅ ነው ብላ ትቆጣለች፣ ግን ትለብሰዋለች።

"እሑድ ስደውልላት ድምጿ ደክሞብኛል። ዛሬ ሳልወጣ ልደውልላት ብል ስልኬን አጣሁት።"

"ሰላም ናቸው" አልኩ። ሰላም አይደሉም ያለኝ ግን አልነበረም።

ከዚያ አንድ ራሱ አረንጓዴ የሆነ ወንድ ዳክዬ ብቻውን መጣ። ፊሽካውን ከእጄ ወሰደና ኪሱ ከተተው። በእግሩ ሥር ያለውን፣ ከአንዷ የፕላስቲክ ዳክዬ ጋር የታሰረውን ሲባጎ ብቻ ቀስ አድርጎ ሳበ፤ ዳክዬዋ ተነቃነቀች፣ ውኃው ተርገበገበ። ወፉ እግሩን ዘርግቶ ባዶው ቦታ ላይ ሊወርድ ሲል ተኮሰ። ወዲያው አልሞተም። በአንድ ክንፉ እየቀዘፈ ፕላስቲኮቹ መሐል ገባ፤ እነሱ ማዕበሉ እንዳወዛወዛቸው ወደ ፊት ያያሉ። ወዳጄ ገብቶ ያዘውና አንገቱን ቆለመመ። ሲመለስ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣

"ይበቃናል፣ እንሂድ" አለ። ሁለት ሰዓት ገና ማለፉ ነበር።

"ትንሽ እንቆይ።"

ቆሞ አየኝ። በብርዱ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር፤ ጥርሴ ይጋጫል።

"እሺ" አለ፤ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ጠመንጃውን አልነካውም። ሁለት መንጋ መጥቶ ዞሮን ሄደ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ራሱ ተነሣ።

ዋይሊ ስንደርስ ከቤቱ አንድ መንገድ በፊት ፒካፑን አቆመ። እንዳያያቸው ተብሎ የለቀስተኞቹ መኪኖች ሁሉ እዚያ መንገድ ላይ ቆመዋል፤ ሃያ ይሆናሉ፣ እኩል እኩል ተራርቀው፣ በአንድ መስመር። አንዳንዶቹ መስታወት ላይ መስቀል ተንጠልጥሏል።

ብዙ አያቸው። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

"እናቴ ናት?"

ዝም አልኩ።

"ተቀብራለች?"

ዝም አልኩ።

መሪው ላይ ግንባሩን አሳረፈ። ቀና ሲል ዓይኑ ደረቅ ነበር። "እንዳልሰማሁ ሆኜ ነው የምገባው" አለ። "መርዶ ነጋሪዎቹ ሽማግሌዎች የሥራ ሺፍት ቀይረው ነው የመጡት። ማወቄን ለሚስቴም እንዳትነግራት፤ ተጨንቃ ነው የሰነበተችው።"



ታጥፈን ወደ ቤቱ መንገድ ገባን። መንገዱ ጭር ብሏል፤ መጋረጃዎቹ ተዘግተዋል። በሩ ፊት ለፊት፣ በጎረቤቶቹ መኪኖች መሐል፣ አንድ መኪና የሚበቃ ቦታ ባዶ ትተውለት ነበር።

ፍጥነቱን ቀንሶ እዚያ አቆመ።