የቃጫ ማር

አባቴ ስኳር በሽታ እንዳለበት የተነገረው ዲላ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከከፈተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን ነው። እንጀራ ሲቀነስበት አላማረረም። ጮማም ተወ። ሻይህን ያለ ስኳር ጠጣ ሲባል ግን ፊቱ ጠቆረ። "ታዲያ ሙቅ ውሃ ጠጣ አትሉኝም?" አለ።

ታናሽ እህቱ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ጠርሙስ ይዛለት መጣች። ማር የመሰለ፣ ከማር ግን የቀጠነ ነገር ነው።

"ጋሼ፣ ይሄ አጋቬ ይባላል። በስኳር ፈንታ ሻይ ውስጥ ይገባል ብለውኝ ከሱፐርማርኬት ገዛሁልህ" አለችው።

እናቴ ጠርሙሱን ተቀብላ አገላበጠችው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለነበረ አልጠቀማትም፤ ሥዕሉ ግን በቃት። ወፍራም፣ ጫፉ እሾህ የሆነ ቅጠል ነበር።

"ይሄማ ቃጫ ነው።"

"የቃጫ ዘመድ ነው፣ እትዬ።"

"ልጅ ሆነን ለገመድ ስንፍቀው ውሃው እጃችንን ያሳክከን ነበር። እጅ ያሳከከ ነገር አንጀት ሲገባ ምን ሊያደርግ ነው?"

አክስቴ ሳቀች፣ እናቴ አልሳቀችም። በሁለቱ መካከል የቆየ ቂም ነበረ። አክስቴ ወንድሟ ዲላ የቀረው በእናቴ ምክንያት ነው ትላለች፤ እናቴም ከአክስቴ እጅ የመጣን ነገር ሳትጠረጥር ተቀብላ አታውቅም።

አባቴ ሻዩን ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወዲያ ጠርሙሱ ከፊቱ አልጠፋም። ዳቦውንም ያጠቅስበት ጀመር፤ ሲያልቅም አክስቴ በሰው ሌላ ላከችለት።

እናቴ መከታተሉን ያዘች። ጠርሙሱን ወደ መስኮት አንስታ ምን ያህል እንደጎደለ ታያለች። አንድ ቀን ጓሮ ካለው አቮካዶ ሥር ድንጋይ ላይ ትንሽ አንጠባጥባ ጠበቀች። ጉንዳን ሲወርረው አባቴን ጠራችው።

"ና እይ። ስኳር ካልሆነ ምን ፈልገው መጡ?"

"ጉንዳን ደግሞ መቼ ሐኪም ሆነ?" ብሎ ወደ ሱቁ ሄደ።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ ውሃ አልጠግብ አለ። ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ ያንቀላፋል። እናቴ ነጠላዋን ለበሰችና "ጠርሙሱን ያዢልኝ" አለችኝ። ሦስታችንም ሐኪም ቤት ሄድን።

ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይቶ ፊቱን ቋጠረ። እናቴ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

"መርዝ አይደለም" አላት። "ግን ይሄም ጣፋጭ ነው። እንደ ስኳሩ ሊጠነቀቁበት ይገባል እንጂ እንደ ልብ አይወሰድም።"

እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። ሐኪሙ ወደ አባቴ ዞረ።

"ኪኒኑንስ በሰዓቱ ይወስዳሉ?"

አባቴ መስኮቱን ያይ ጀመር።

"ኪኒኑማ፣ መድኃኒቱ ከመጣልኝ በኋላ ተውኩት።"

"የምን መድኃኒት?"

አባቴ በአገጩ ወደ ጠርሙሱ ጠቆመ።

በባጃጅ ተመለስን። ቤት ስንደርስ እናቴ ቁም ሣጥኑን ከፍታ ከአሮጌ ኮቱ ኪስ ኪኒኖቹን እንደታሸጉ አወጣች።

"ጠርሙሱን ስጠብቅ ኪኒኑን..." አለችና አልጨረሰችውም።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ አክስቴ ጋ ደወለች። ጠብ ሊነሳ ነው ብዬ አጠገቧ ቆምኩ።

"መድኃኒት ነው ብለሽዋል?"

"ኧረ በመድኃኒዓለም፣ እትዬ! ምን ሆነ?"

እናቴ "አላልሽውም። እኔም እዚያው ነበርኩ" አለች። ከዚያ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻት። አክስቴ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር፤ እናቴም ስልኩን አልዘጋችባትም።

አባቴ ኪኒኑን ጀምሮ ከርሞ አገገመ። ሻዩን መራራውን ይጠጣል። እናቴ ግን እስካሁን ኪኒኑን ዋጥኩ ሲላት አታምነውም። "ምላስህን አንሳ" ትለዋለች። እሱም ያነሳል፤ እሷም ጎንበስ ብላ ታያለች።